እብጠቱን ካገኘች በኋላስ?

መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎቻችን ሮዝ ይለብሳሉ። ፈረንጆቹ ኦክቶበርን የጡት ካንሰር ወር ብለውታል፤ እኛም ተቀብለነዋል። በር ላይ ባነር ይሰቀላል፣ ደረት ላይ ሪባን ይለጠፋል፣ ቲሸርት ይታደላል። አዳራሽ ውስጥ አንዲት ነርስ ወይም አንድ ሐኪም መድረክ ላይ ወጥተው ጡት በሦስት ጣት እንዴት እንደሚዳሰስ ያሳያሉ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ወንዶች ይሳሳቃሉ። ፎቶ ይነሳል። በነጋታው የፌስቡክ ገጹ «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ተካሄደ» ይላል።

እኔም እንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ ተገኝቼ ዜና ሠርቻለሁ፣ ክፍያዬንም ተቀብያለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ እንደሆነ ሰው አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ያኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሮዝ ቲሸርቱ አላት። ዶርም ድረስ መጠይቅ ይዘው ለመጡ የጤና ተማሪዎችም ሞልታላቸዋለች። ስለ ጡት ካንሰር ሰምተሻል? አዎ። ጡትን በራስ ስለመመርመር ታውቂያለሽ? አዎ። በየወሩ ትመረምሪያለሽ? አልፎ አልፎ። በጥናቱ ሠንጠረዥ ላይ «ግንዛቤ ያላት፣ ልምዷ ግን ዝቅተኛ የሆነ» ከሚለው ረድፍ ገባች ማለት ነው።

ለፋሲካ ቤተሰብ ዘንድ ስትሄድ እናቷ ጓዳ ጠርታ «እስቲ ይቺን ነገር እይልኝ» አለቻት። በግራ ጡቷ ላይ፣ ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ፣ ሎሚ የሚያህል ጠጣር እብጠት። አያማትም። ስለማያማትም ነው ዝም ያለችው። ከገና በፊት ጀምሮ እንደነበረ፣ መጀመሪያ ምች መስሏት ዳማከሴ አሽታበት እንደነበር፣ ለባሏም እንዳልነገረችው አወጋቻት።

ልጅቷ በአዳራሹ የተባለውን አልረሳችም ነበር። ዳሰሰች፣ ብብቷንም አየች፣ ቆዳው ስርጉድ ማለቱንም አስተዋለች። ከዚያ እኔ ዘንድ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ጡት ላይ እብጠት አለ። የት ልውሰዳት?»

እኔ ምን አልኩ? «አይዞሽ፣ ምንም ላይሆን ይችላል። አንቺ ፈተናሽን ጨርሺ፣ ከዚያ አዲስ አበባ እናመጣታለን።»

ከስድስት ወር በፊት ስለ ጡት ካንሰር ዜና የሠራሁት ሰውዬ እኔ ነኝ። የት እንደሚኬድ አላውቅም ነበር። አለማወቄን ማጽናኛ አስመስዬ ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ልጅቷ እኔን አልጠበቀችም፣ በራሷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ተሰጣት። አልለቀቀም፤ ሁለተኛ ዙር ተሰጣት። ከዚያ ከተማው ያለው ሆስፒታል ሪፈር ተባለች። ናሙና በመርፌ ተወሰደ። ናሙናውን አይቶ የሚያነብ ባለሙያ እዚያ ስለሌለ ወደ ሌላ ከተማ ተላከ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ «ናሙናው በቂ አይደለም፣ ይደገም» የሚል ነበር። በዚህ መሀል ዘመድ ተሰበሰበ። «ብረት ከነካው በኋላ ይነሳበታል፣ ተዉአት» ያሉ ነበሩ። ፀበል ገባች። ክረምቱ ሲወጣ አዲስ አበባ መጣች። የመጀመሪያው ኬሞ ክንዷ ላይ ሲሰካ ለልጇ ካሳየች ሰባት ወር፣ ራሷ ካገኘችው ደግሞ ዓመት ሊሞላው ነበር። ያኔ ጉበቷ ደርሷል። በተከታዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ቀበርናት። 44 ዓመቷ ነበር።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ስለ ጉዳዩ ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ጋዜጠኛ ነኝ፣ ለሙያዬ የሚያሳፍር ነው፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

በዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች ላይ ጡትን በራስ የመመርመር ግንዛቤና ልምድ የሚለካ ጥናት በአገራችን ሞልቷል። ከሰሜን እስከ ደቡብ፣ የጤና ትምህርት ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ አንዱን ቢሠራ ሌላው ይደግመዋል። የሚገኘው ነገርም ተመሳሳይ ነው። ብዙዎቹ ሰምተዋል፣ በየወሩ የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው፣ ምክንያታቸው «ምንም ስለማያመኝ»፣ «አሠራሩን በትክክል ስለማላውቅ» የሚል ነው። መደምደሚያውም አይለወጥም፦ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ ይጠናከር። ልጅቷ ተለካች፣ ጎደለች ተባለ፣ ሌላ መድረክ ይዘጋጅላት ተባለ። እብጠት ካገኘች በኋላ ማን ያያታል፣ በስንት ቀን ትታያለች፣ ማን ይከፍልላታል የሚለውን ዋና ጥያቄው ያደረገ ጥናት ግን ካነበብኳቸው ውስጥ አልገጠመኝም።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ለመናገር ወደ ሻንጋይ ልውሰዳችሁ። ጡትን በራስ መመርመር ሕይወት ያድናል ወይ የሚለው ጥያቄ በትልቁ የተፈተነው እዚያ ነው። በፈረንጆቹ 1989 አካባቢ በከተማዋ 519 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ 266 ሺህ ያህል ሴቶች በዕጣ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ጡቱን እንዴት እንደሚመረምር በደንብ ተማረ። አንድ ቀን በአዳራሽ ሳይሆን በሲሊኮን ሞዴል ልምምድ፣ ከዚያም ለአምስት ዓመት በየስድስት ወሩ በባለሙያ ፊት እየደገመ። ሁለተኛው ቡድን ስለ ጡት ምንም አልተነገረውም። ከአሥር ዓመት ክትትል በኋላ በፈረንጆቹ 2002 ውጤቱ ታተመ። ከተማሩት መካከል በጡት ካንሰር የሞቱት 135፣ ካልተማሩት 131። ልዩነት የለም። የተማሩት ቡድን ውስጥ ብዙ የሆነው ካንሰር ላልሆነ እብጠት የተደረገው የናሙና ምርመራ ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ አገሮች ምክራቸውን ለወጡ። የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲ በየወሩ በሥርዓት ራስን መመርመርን እንደ ግዴታ ማስተማር ትቷል። አሁን የሚባለው «ጡትሽ በተለመደው ጊዜ ምን እንደሚመስል እወቂ፣ ለውጥ ካየሽ ሳትዘገዪ ተመርመሪ» ነው። እኛ ግቢ ውስጥ ግን አሁንም ልጅቷ በወሩ ስንተኛ ቀን፣ በስንት ጣት፣ በክብ ወይስ በመስመር እንደምትዳስስ እንፈትናታለን።

«ታዲያ ትምህርቱ ይቅር ልትል ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ሻንጋይን አንስቶ «በራስ መመርመር ዋጋ የለውም» ብሎ መዝጋት ሌላው ስህተት ነው። ልብ በሉ፣ እነዚያ ሴቶች የሚሠሩበት ፋብሪካ ክሊኒክ ነበረው። እብጠት ያገኘች ሴት እዚያው ለፋብሪካው የጤና ሠራተኛ ታሳያለች፣ እሱም የጨርቃ ጨርቅ ቢሮው ወደሚያስተዳድረው ሆስፒታል ይልካታል። ያልተማረችውም ሴት ብትሆን እብጠቷ ገና ትንሽ ሳለ የምትሄድበት በር ነበራት። ትምህርቱ ለውጥ ያላመጣው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ በሩ ለሁለቱም ቡድኖች እኩል ክፍት ነበር። የእኛ ሴት እጅ ላይ ያለው ችግር ግን የተገላቢጦሽ ነው። አክስቴ እብጠቷን አግኝታዋለች። ማንም ሳያስተምራት፣ ሲሊኮን ሞዴል ሳታይ፣ ገላዋን ስትታጠብ አገኘችው። የጠፋባት በሩ ነው።

በአገራችን ለጤነኛ ሴት በየጊዜው ማሞግራም የሚያነሳ ብሔራዊ ፕሮግራም የለም። ስለዚህ የጡት ካንሰርን መጀመሪያ የምታገኘው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሴትየዋ ራሷ ናት። አብዛኞቹ ሕክምና የሚደርሱት ግን በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች በጡት ካንሰር ይያዛሉ፣ ከ9 ሺህ በላይ ይሞታሉ። በፈረንጆቹ 2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብም ከተማዋ ውስጥ በሴቶች ላይ ከሚታየው ካንሰር ሲሶ ያህሉ የጡት መሆኑን ያሳያል።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2021 የጀመረው የጡት ካንሰር ዕቅድ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ከታማሚዎቹ ቢያንስ 60 በመቶው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደረጃ ላይ ይገኙ። ሴትየዋ ጤና ተቋም ከረገጠችበት ቀን አንስቶ ምርመራዋ በ60 ቀን ይለቅ። ሕክምና ከጀመሩት 80 በመቶው ይጨርሱ። መካከለኛውን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። ከረገጠችበት ቀን ነው የሚቆጠረው። አክስቴ ጤና ጣቢያውን ከረገጠችበት ቀን ስቆጥር ስልሳው ቀን ያለቀው ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ መልስ በምንጠብቅበት ጊዜ ነው። ከዚህ ውስጥ የትኛውንም ቀን በቲሸርት ማሳጠር አይቻልም።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ ልመለስ፣ ምክንያቱም ስለ እነሱ በግልጽ የማይነገር ነገር አለ። የሃያ ዓመት ልጅ በጡት ካንሰር የመያዟ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። በዚያ ዕድሜ ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት በአብዛኛው ፋይብሮአዴኖማ የሚባል፣ ሲነኩት ቦታ የሚቀይር፣ ገዳይ ያልሆነ እጢ ወይም ከወር አበባ ጋር የሚመጣና የሚሄድ መጓጎል ነው። ይህን ሳንነግር «በየወሩ ፈትሺ» ብቻ ብለን የምንልካት ልጅ አንድ ቀን ማታ ዶርሟ ውስጥ የሆነ ነገር ዳስሳ እስኪነጋ ታለቅሳለች። ወይም ደግሞ፣ ይሄ ይብሳል፣ መፍራቱን ስለማትፈልግ ጨርሶ አትነካውም። «ብታገኘውስ ምን አደርገዋለሁ?» ያለችኝ ተማሪ አለች። ሰነፍ አይደለችም። ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

ይልቅ ተማሪዋ የምትፈለገው ለሌላ ነገር ነው። አደጋው ያለው እናቷ ዘንድ፣ አክስቷ ዘንድ፣ ጎረቤት ቡና የምትጠጣው ሴትዮ ዘንድ ነው። አርባ ዓመት የሞላት የገጠር ከተማ ሴት ጡቷን ለወንድ ሐኪም ከማሳየቷ በፊት የምታሳየው ለማን ነው? ዩኒቨርሲቲ ለገባች ልጇ ነው። በየሰፈሩ «የተማረች» የምትባለው እሷ ናት። የግቢ ስልጠናችን ግን ልጅቷን እንደ ታማሚ እንጂ እንደ መልእክተኛ አስቧት አያውቅም። ከፋሲካ በፊት አንድ ሰው የአክስቴን ልጅ «ቤት ስትሄጂ እናትሽን ጠይቂያት፣ እብጠት ካላት እዚህ ውሰጃት፣ ይህን ወረቀት አስጽፊ» ብሎ ቢነግራት ኖሮ እላለሁ። የመጀመሪያው ዙር አንቲባዮቲክ ሲሰጥ «የማታጠባ ሴት ጡት ላይ ያለ ጠጣር እብጠት ሳይመረመር በአንቲባዮቲክ ብቻ አይታለፍም» ብላ ትከራከር ነበር። ተከራካሪ ልጅ ናት።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ምን ያድርጉ ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐሮማያ፣ መቀሌ፣ ሁሉም የራሳቸው ማስተማሪያ ሆስፒታል አላቸው። መጠይቁን የሚበትነውና ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው አንድ ተቋም ነው። በተማሪዎች ክሊኒክ በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ለዚህ የሠለጠነች አንዲት ሴት ነርስ ተቀምጣ፣ አጠራጣሪውን በቀጥታ ለሆስፒታሉ አልትራሳውንድ የምትጽፍበት አሠራር ለመዘርጋት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የፍሬሽ ተማሪዎች ሁሉ የሚወስዱት የፊዚካል ፊትነስ ኮርስ አለ፤ ከዚያ ላይ አንድ ሰዓት ይወሰድ። ወንዶቹም ይቀመጡ። ከኋላ የሚሳሳቁት ልጆች እናት አላቸው፣ ነገ ደግሞ ሚስት ይኖራቸዋል። ሚስት ሕክምና እንድትሄድ የአውራ በግ መሸጫውን ገንዘብ የሚፈቅደው ባል ነው፣ በአክስቴ ቤት እንዳየሁት። (ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። ማንም አልነገረውም።)

ሐኪም ባልሆነ ሰው እጅም ብዙ መሥራት እንደሚቻል ከሕንድ የመጣ ማስረጃ አለ። ሙምባይ ውስጥ 151 ሺህ ሴቶች በተሳተፉበትና ሃያ ዓመት በወሰደ ጥናት፣ ለዚሁ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ የሴቶቹን ጡት በእጃቸው ይመረምሩ ነበር። በፈረንጆቹ 2021 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ምርመራው ከደረሳቸው ሴቶች ውስጥ በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ የተገኙት ቀንሰዋል፤ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ ሞቱ ራሱ ወደ 30 በመቶ ቀንሷል። ከዚያ በታች ባሉት ላይ የሞት ልዩነት አልታየም፣ ይህም መነገር አለበት። እኛ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። ሥራቸው እንደበዛ አውቃለሁ፤ ዝርዝራቸው ላይ አንድ ነገር ስንጨምር ሌላ ማንሳት ይኖርብን ይሆናል። ግን ውይይቱ ስለዚህ ቢሆን እመርጣለሁ።

«ካንሰር ከሆነ ምን ዋጋ አለው፣ ሞት ነው» የሚለውንም ላንሳ። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ተራው ደግሞ የሚያስለቅስ። አሁን ጅማና ሐረር ላይም ተጀምሯል። አነስተኛ ነው፣ ግን አንድ ብቻ ከነበረበት ይሻላል። ደግሞም በጊዜ የተገኘ የጡት ካንሰር በቀዶ ሕክምናና በመድኃኒት ይድናል። ሆርሞን ለሚቀበለው ዓይነት ታሞክሲፈን የምትባል በቀን አንዴ የምትዋጥ ክኒን አለች፤ ለዓመታት መውሰድ ነው። ፀበሉን የሚከለክል ሐኪም አላየሁም፤ ፀበሉ ቀጠሮውን እንዳያስረሳ ነው የምለምነው። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው ግን ስህተት ነው። በመርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰሩን አያባብሰውም። ሰው ከናሙናው በኋላ ሲሞት ያየነው ናሙናው ዘግይቶ ስለተወሰደ ነው።

ይህን ልጽፍ እንደሆነ ለአክስቴ ልጅ ነግሬ ፈቃዷን ጠይቄአለሁ። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። «ጻፈው» አለችኝ፣ «ግን የት እንደሚኬድ አብረህ ጻፍ። ባለፈው አልነገርከኝም።»

እሺ። ይኸው።

ጡት ላይ ወይም ብብት ውስጥ ጠጣር እብጠት፣ የቆዳ ስርጉድ ማለት ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ አዲስ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ሳይጨመቅ የሚወጣ ደም ያለበት ፈሳሽ ከታየ ህመም አይጠበቅም። ወጣት ከሆነችና ሌላ ምልክት ከሌለ አንድ የወር አበባ እስኪያልፍ ማየት ይቻላል፤ ካልጠፋ መሄድ ነው። የሚጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው፣ ምክንያቱም በጤና መድህን ለመታከም የሪፈር ወረቀት ያስፈልጋል። የመድህን መታወቂያው ይያዝ፣ ይታደስ። አንቲባዮቲክ ከታዘዘና በሁለት ሳምንት ካልለቀቀ ተመልሶ «ሪፈር ጻፉልኝ» ማለት መብት ነው። ሪፈሩ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይሁን። ከሠላሳ ዓመት በታች ላለች በአብዛኛው አልትራሳውንድ ይታዘዛል፣ ከፍ ላለች ማሞግራምም ይጨመራል፣ ከዚያ ናሙና። ናሙና በተወሰደ ቀን ሳይጠየቅ የማይወጣ ጥያቄ፦ የት ይነበባል? በስንት ቀን ይደርሳል? ማን ዘንድ ልደውል? ስልክ ቁጥሩ ይጻፍ። እያንዳንዱ ወረቀት በሞባይል ፎቶ ይነሳ። የእኛ የመጀመሪያው የሪፈር ወረቀት መንገድ ላይ ጠፍቶ አንድ ሳምንት በልቶብናል።

አሁን ግቢ ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎቼ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ወደ ተማሪዎች ክሊኒካችሁ ሂዱና «ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ፣ ማን ያየኛል? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንዶች «እናቴ» ብላችሁ ጠይቁ። የተሰጣችሁን መልስ ቃል በቃል ከነቀኑ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስማችሁን አልጠቅስም። መልሶቹን ግቢ በግቢ አድርጌ እዚሁ አወጣቸዋለሁ፣ ጥሩ መልስ የሰጠውንም ጨምሮ።